አራስ ጠያቂው አሠሪዬ

አራስ ጠያቂ ሁሉ አንድ ይመስላችኋል? ሊያይ የሚመጣ አለ፤ የምሩን ሊጠይቅ የሚመጣም አለ። ፈረስ መጋላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት አሠሪዬ፣ በወለድኩ በሳምንቴ ከባለቤታቸው ጋር መጡ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉና ገና ሳይቀመጡ ጥያቄው ተጀመረ።

«ሰኞ ትገቢያለሽ?»

«ጋሼ፣ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነኝ እኮ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ሕጉ።»

«ሕጉ ሱቅ አለው እንዴ? ልጁ እንደሆነ ተኝቷል፤ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። ባለቤታቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አይግረምሽ የኔ ልጅ። እኔንም በወለድኩ ማግስት የጠየቀኝ ‹ምሳ ምን አለ?› ብሎ ነው።»

ጋሼ አቀረቀሩ። «በይ፣ ፈቃድሽን ጨርሺ» አሉ።

ከልጄ ጋር ጨረስኩት። ማርያም ትመስገን፤ ለእትዬም ዕድሜ ትስጥልኝ።