ሟቾችን የሚያርሙት ወይዘሮ ኡላዩክ

ሰው በሰፈረበት ሁሉ፣ ሌላው አፉን ሲከፍት "አይደለም" ለማለት ብቻ የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ መንደር ዕጣ ክብርት ወይዘሮ ኡላዩክ ናቸው።

እኛ የሰሜን ዋልታ ኢኑይቶች ቋንቋችን እንዳይጠፋ ብለን የድሮ ፎቶና የሽማግሌዎች ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ከጀመርን ወዲህ እኚህ ሴት ሥራ አገኙ። የቀጠራቸው የለም። ከሰዓት በኋላ የበረደ ጥሬ ዓሣቸውን ይዘው ከጎኔ ይቀመጡና፣ በቅባት ጣታቸው ስክሪኑን እየነካኩ ሟቾችን ያዋርዳሉ።

አንድ ስመ ጥር አዳኝ ከገደለው ድብ አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶ አለን። "አይደለም፤ የገደለችው ሚስቱ ናት። እሱ የደረሰው ለፎቶው ነው" አሉ። የልጅ ልጆቹ እስካሁን አኩርፈውናል።

አንዲት የባሕር ማዶ አሮጊት ውሾች ሸርተቴ የሚጎትቱበትን ጠፍር ስም ስትናገር ቀድተን ብናሰማቸው፣ "እንዲህ ብለህ ብትጠራው ውሻውም ይስቅብሃል፤ አጥፋው" አሉኝ። የሁለቱንም አነጋገር ጻፍኩ። ትርፌ "ወላዋይ" መባል ሆነ።

ሰሞኑን ደቡብ ካለ ሙዚየም ፎቶዎች ተላኩልን። በአንዱ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ የመርከብ መሰላል ላይ ቆማለች፤ ከሥሯ "ያልታወቀች" ይላል። ልቤ ደነገጠ። የአባቴ ታናሽ እህት በልጅነቷ ሳንባዋን ታማ ለሕክምና ወደ ደቡብ በመርከብ ተወስዳ በዚያው ሞታ ቀርታለች፤ አባቴም ፎቶዋን እንደፈለገ ሞተ። ግን እሷ መሆኗን በምን ልወቅ?

ወይዘሮ ኡላዩክ ዓሣቸውን አስቀመጡ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ ያኔ አልተወለዱም" ልል ብዬ ተውኩት። እኛ ዘንድ የሟች ስም የተሰጠው ሰው ሟቹ ራሱ ነው። የአክስቴ ስም የተሰጠው ለእሳቸው ነው፤ አባቴም ይህችን ነዝናዛ ሴት ዕድሜውን ሙሉ "ታናሼ" ነበር የሚላት።

"ይኸው ጠባሳዬ" አሉ የልጅቷን ቅንድብ እየነኩ። "ወንድሜ ነው ከሸርተቴ የጣለኝ። መርከቡ ሲሄድ በዳርቻው እየሮጠ 'አውርዷት' ይል ነበር። ድንጋይም ወረወረበት።"

አባቴ ይህን ለእኛ ለልጆቹ ተንፍሶ አያውቅም። ለእሷ ግን ነግሯታል። ቀናሁ፤ እንባዬም መጣ። "ያልታወቀች" የሚለውን አጥፍቼ "ኡላዩክ" ብዬ ጻፍኩ።

"አክስቴ" አልኳት፣ "እርስዎ" ማለቱ ከአፌ ጠፍቶ፣ "ሌላስ ምን አለሽ? ንገሪኝ።"