ለሮክ የሚሆን ማጉያ

ምርጫ የሚያደክመው አቅም የሌለውን ሰው ነው። አቅም ያለው ሁለቱንም ገዝቶ ይገላገላል። እኔ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል ጊታር ተጫዋች ስለሆንሁ አንዲት የጊታር ድምፅ ማጉያ ለመምረጥ ክረምቱን ሙሉ ተጨነቅሁ። ሚስቴን ሳገባ እንኳን እንዲህ አልተጨነቅሁም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማጉያ ስል ባለ አምፖሉን ማለቴ ነው። በሆዱ ትንንሽ የመስታወት አምፖሎች አሉት፤ እነሱ ካልሞቁ አይናገርም፣ ሞቀው ጮክ በል ሲሉት ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። ሌላ ዕቃ ድምፁ ሲሻክር ይጠገናል፤ ይሄኛው እንዲሻክር ተብሎ ነው የሚገዛው። ሮክ መሻከሩን አብዝቶ ይፈልጋል። ብሉዝ ደግሞ፣ የእኛ አገር ሰው ትዝታ ብሎት ቢያርፍ ይቀለዋል፣ አንዴ ማልቀስ አንዴ ማንሾካሾክ ይወዳል። ትልቁን ልግዛ ብል፣ እስኪሻክር ከፍ ሳደርገው የሆቴሉ መስታወት ይረግፋል። ትንሹን ልግዛ ብል፣ ገና በለሆሳስ ስነካው ማጉረምረም ይጀምራል። በመጨረሻ መካከለኛውን መረጥሁ፤ ሲፈልጉት ጥርት የሚል፣ ሲፈልጉት የሚያጉረመርም። ሁለገብ ማለት ይሄ ነው ብዬ ኮራሁ።

ደግሞም ጊዜ አልነበረኝም። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ውዴ ቅዳሜ ብዙ እንግዳ እንደሚመጣ ነገሩኝ። በዚያ በምግብ ቤቱ አሮጌ ስፒከር እንግዶቻቸውን የማስደነግጥ ከሆነም ቦታዬን ለኦርጋን ተጫዋቹ እንደሚሰጡት ጨመሩልኝ። ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። እትዬ ውዴ ፈገግ ካሉ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

አስጎብኚ ጓደኛዬ ፈንታው ያን ሰሞን አዲስ አበባ ነበርና ማጉያውን ገዝቶ በጭነት መኪና ላከልኝ። ለሾፌሩም፣ አደራህን፣ የሮክና የብሉዝ ማጉያ ነው፣ ውስጡ መስታወት አለ ብሎ አስጠነቀቀው። ስልክ ቁጥሬንም ሰጥቶታል፤ ምን ያደርጋል፣ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሞቶ ነበር። የጭነት መኪናው ሾፌር ዕቃውን ከነአደራው ጋሸና ላይ ለሚኒባስ ሾፌር አስረከበ። ባለ ሚኒባሱም ላሊበላ መናኸሪያ ገብቶ፣ ደውሎ ደውሎ ሲያጣኝ፣ ሮክ የሚባለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሌላ አገር ሮክ ሲባል ዘፈን ትዝ የሚለው ሰው ሞልቷል። የእኛ ከተማ ሰው ግን ግማሹ አስጎብኚ፣ ሌላው ግማሽ የአስጎብኚ ዘመድ ነው። ሮክ ማለት ዓለት፣ ዓለት ማለት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ፊደል ያልቆጠረው እንኳን ያውቃል። መናኸሪያው በአንድ ድምፅ ማጉያው የቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ፈረደ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን? ማጉያው የተቃጠለበት ነዋ! ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው፣ እናቴ የምትሳለምበት ትንሹ። ብሉዝስ? ብሉዝማ የላከው ፈረንጅ ስም ነው አሉ።

ወሬውን ዓርብ ጠዋት ያበሰረችኝ እናቴ ናት። ሚስተር ብሉዝ የሚባል ደግ ሰው ለቤተ ክርስቲያናችን ማጉያ በስለት ሰጠ ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ተከትያት ስደርስ የወር በዓል ነበርና ግቢው ጢም ብሏል፤ ማጉያዬም ነጭ ጨርቅ ለብሶ እንደ ሙሽራ ከፊት ተቀምጧል። መብራቱም ለክፋቱ ያን ዕለት መጥቷል። መሪጌታ ጥበቡ ገና ሲያዩኝ፣ እሰይ ልጄ፣ እንኳን እግዜር አመጣህ፣ ይሄ ነገር ብንከፍተው ብንከፍተው ዝም አለን፣ አንተ ታውቅበት የለም ወይ አሉኝ።

የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ይኼኔ እናቴ እልል አለች። ስለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሲወጣ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ በእናቴ ፊት የመጀመሪያው ለመሆን እኔ ወኔ አጣሁ። እስኪሞቅ መታገሥ ነው መሪጌታ፣ አልኋቸው።

ማዞሪያውን ያስተካከልሁትም እኔው ነኝ። የሰባኪው ድምፅ ከብዶ፣ ሻከር ብሎ ወጣ፤ በምርጫዬ አለመሳሳቴን ያረጋገጥሁት ያኔ ነው። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ዛሬ ገና ኃጢአቴ ተሰማኝ ብለው ዕንባቸውን ጠረጉ። አንጀቴ አርሮ ስለነበር እኔም ጠረግሁ። ስብከቱ የነካኝ መስሏቸው መረቁኝ።

ቅዳሜ ቦታዬ ለኦርጋኑ ሄደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ቤቴ ድረስ መጡ። ሚስተር ብሉዝን በጸሎት ሊያስቡት ፈልገው የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው አጥተዋል፤ የሙዚቃ ሰው ከፈረንጅ ጋር ስለሚውል ምናልባት አንተ ታውቀው ይሆናል አሉኝ።

በደንብ ነው የማውቀው፣ ኃይለ ገብርኤል ይባላል፣ አልኋቸው።

ኃይለ ገብርኤል የእኔ የክርስትና ስም ነው። ማጉያው አድራሻውን ቢስት ጸሎቱ እንኳን ይድረሰኝ እንጂ!