ፒክስልን ከሚሊሜትር ያጋባው ምክር ቤት

የከተማችን ምክር ቤት ለልኬት ሳይንስ ላበረከተው ታላቅ ሥራ እስከ ዛሬ የረባ ምስጋና አላገኘም። ሌላው ዓለም ወረቀቱን በሚሊሜትር፣ የኮምፒውተር ምስሉን ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች እየለካ፣ አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ሲያሰላ ይኖራል። የእኛ ምክር ቤት ግን ጉዳዩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ፣ በሙሉ ድምፅ ዘጋው።

የምንኖረው በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ በሸንኮራ አገዳውና በወንዙ መካከል ነው። የዝናቡ ወራት ከመግባቱ በፊት ምክር ቤቱ፣ ጎርፍ ሲመጣ ሕዝቡ ወዴት እንደሚሸሽ የሚያሳይ ካርታ ያወጣል። ባለፈው ዓመት ክቡር ከንቲባ ኔቪል ሃስኮም ካርታው ትንሽ ስለሆነ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል ብለው፣ ኤ ዋን በሚባለው ትልቅ ወረቀት ታትሞ በየዳቦ ቤቱና በየመድኃኒት ቤቱ ደጅ እንዲሰቀል አዘዙ። መሸሸጊያ እንዲሆን የተመረጠው ወንዙ ዳር የተሠራው አዲሱ አዳራሽ ነበር። አዳራሹ ሰፊ ወጥ ቤት አለው፤ በሩ ላይም የከንቲባው ስም ተቀርጿል። ለሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ይኖር እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ካርታውን የሠሩት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ወይዘሮ ብሮንዊን ታከር ናቸው። ለማተሚያ ቤት የሚላከውን ምስል ከኮምፒውተራቸው ሲያወጡ፣ ልኩ 595 በ842 ፒክስል መሆኑን ለስብሰባው አስታወቁ። ከንቲባው ለእውቀት ካላቸው ፍቅር የተነሳ የኤ ዋን ወረቀትን ልክ ስልካቸው ላይ ፈለጉ። 594 በ841 ሚሊሜትር ይላል። አንዴ ስልካቸውን፣ አንዴ ወይዘሮ ብሮንዊንን አዩ። እንዲህ ያለ መገጣጠም በአጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል ተብራራ፤ የበለጠችው አንዲት ፒክስልም ለጥንቃቄ የተተወች ትርፍ ናት ተብላ ጸደቀች።

ማተሚያ ቤት ያላት ሮዛልባ ቴዴስኮ ምስሉ በደረሳት ማግስት ምክር ቤቱ ድረስ መጣች። ከንቲባውን አብራቸው ተምራ ስለምታውቃቸው አንቱ አትላቸውም።

“ኔቪል፣ ይሄ እኮ የኤ ፎር ልክ ነው፤ ያውም ለስክሪን፣ በኢንች ሰባ ሁለት ነጥብ” አለች። “እኛ ለኅትመት የምንፈልገው በኢንች ሦስት መቶ ነው። ለኤ ዋን ሰባት ሺህ አሥራ ስድስት በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ፒክስል ይሆናል። ብሮንዊን ከዋናው ላይ በትልቁ አውጥታ ትላክልኝ፤ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል።”

“ይሄንኑ ብታትሚውስ?”

“እያንዳንዷ ፒክስል አንድ ሚሊሜትር ታክላለች። ፊደሉ ሁሉ የጡብ ክምር ነው የሚመስለው።”

“ስለዚህ አንድ ፒክስል አንድ ሚሊሜትር ነው እያልሽኝ ነው።”

“አዎ፣ ችግሩ እኮ እሱ ነው።”

ባለሙያዋ “አዎ” በማለት ማረጋገጣቸው በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ቀሪው ንግግራቸው ከአጀንዳው ውጭ ነበር። ሮዛልባ ብዙ ተከራከረች። ሽማግሌ እንዴት ብሎ ያነበዋል፣ ሰው ይጠፋል አለች። ወይዘሮ ብሮንዊን እንደገና አውጥቶ መላኩ ቀላል እንደሆነ አልካዱም፤ ግን የጸደቀው ምስል ይሄኛው ነው፣ ሌላ ከተላከ እንደገና መጽደቅ አለበት አሉ። ሮዛልባም ታክቷት አተመችው።

ካርታው ተሰቀለ። ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ የአትክልት ሾርባ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ደግሞ ሾርባው ውስጥ የገቡ ይመስላል። ከንቲባው በምረቃው ላይ፣ ካርታው ዜጎች ቆም ብለው እንዲያስቡ የሚያደርግ መሆኑን ተናገሩ። በዚህ አልዋሹም።

ዝናቡ ባልጠበቅነው ኃይል መጣ። ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን መንገድ ሲውጠው፣ እኔና ባለቤቴ ሎርና መራመድ የማትችለውን አክስቷን ዊኒፍሬድን መኪናው ውስጥ ጭነን ዳቦ ቤቱ ደጅ ቆምን። ጎረቤቶቻችን ካርታውን ከበውታል። አንዱ አረንጓዴው ነገር አዳራሹ ነው ሲል፣ ሌላው የጎልፍ ሜዳው ነው ይላል። ቀስቱ ወደ ወንዙ ይሂድ ከወንዙ ይሽሽ የሚለይ ጠፋ። ውሃው የመኪናዬን ጎማ መንካት ጀምሯል። አክስት ዊኒፍሬድ ኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ውሃውን ታያለች።

“እዚህ ስንጨቃጨቅ ውሃው ሊወስደን ነው። ዝም ብለህ ወደ ላይ ንዳ” አለችኝ ሎርና።

“ላይ የት?”

“ላይ ነዋ። አቀበት አታውቅም?”

ወደ ኮረብታው፣ ወደ ፈረስ መጋለቢያው ነዳሁ። የተከተሉን መኪኖች መንገዱን ሞሉት። ሲነጋ ከተማው በሙሉ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር፤ ቋሊማ የሚጠብስም አልጠፋም። አክስት ዊኒፍሬድ የውድድር ፈረስ አጠገብ ተኝታ ታንኮራፋለች።

የጎደሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጥርት ያለው ዋናው ካርታ በእጃቸው የነበረው ከንቲባውና ወይዘሮ ብሮንዊን ናቸው። ካርታው አንዲት መታጠፊያ ሳያሳስት አዳራሹ ድረስ አድርሷቸዋል። ሮዛልባ የወንድሟን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ይዛ ስትደርስ፣ ውሃ በሞላው ሰፊ ወጥ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ተደራርበው፣ ጭንቅላታቸው ጣሪያውን ነክቶ አገኘቻቸው።

“ያኔ ሰምተኸኝ ቢሆን ኖሮ ከተማው ሁሉ እዚህ ነበር” አለቻቸው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ለጥራት የተከራከረችውም እሷው ናት።

ከንቲባው እንዲህ ያለ ሐሳብ በከንቱ አይጥሉም። በቀጣዩ ስብሰባ፣ ምክር ቤቱ አርቆ በማሰብ የመረጠው የኅትመት ጥራት የሕዝቡን ሕይወት መታደጉን አቀረቡ፤ በሙሉ ድምፅም ተመሰገኑ።

አዳራሹ ታድሷል። የዘንድሮው ካርታ ሰሞኑን ማተሚያ ቤት ይገባል። መሸሸጊያው አሁንም ያው አዳራሽ ነው፤ ለበለጠ ደኅንነት ግን የካርታው ፒክስል በግማሽ እንዲቀነስ ተወስኗል።