ጋሼ ዋኘው እና የጫግኒ ጆንያ

መልሱን ነግረውት የማይቀበል ሰው የሌለበት ሰፈርም መሥሪያ ቤትም የለም። ሰዓት ጠይቆ፣ ከነገሩት በኋላ አንገቱን አስግጎ ያንተኑ ሰዓት የሚያይ እሱ ነው። በአዊ ዞን የዚህ ወገን አለቃ ሊቀ መርማሪያን ጋሼ ዋኘው ናቸው፤ በምሠራበት ባንክ፣ የእንጅባራ ቅርንጫፍ የስጋት መርማሪ፤ እሳቸው ያላጣሩት ውል አይፈረምም።

ጋሼ ዋኘው አንዲት መፈክር አለቻቸው፤ «አትንገረኝ፣ እኔው እደርስበታለሁ።» የደም ግፊታቸውን እንጅባራ ከተለኩ፣ በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ሄደው ሌላ ነርስ ዘንድ ይለካሉ። የመጀመሪያውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ሁለተኛዋ ነርስ አይታው እንዳትሳሳት! ጥርባ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ወለል የለውም ሲባል ሰምተው ደግሞ ድንጋይ በገመድ አስረው ሄዱ። ገመዱ አለቀ። አብረናቸው የሄድነው «አዩ ጋሼ፣ የለውም ማለት ነው» ስንል፣ እሳቸው ደብተራቸው ላይ «አልተረጋገጠም» ብለው ጽፈው ተመለሱ።

በ2009 ዓ.ም. ግን የእሳቸው ነገር አላሳቀኝም። ሰንጠረዥ ሠርቼ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ የእንጅባራ ዙሪያ ገበሬ ገብስና ድንቹን ትቶ፣ ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ለከሰል ብሎ መትከል ይዟል። ባንካችን ለሙከራ አዲስ ውል አመጣ። ገበሬው ዛሬ ጥቂት ይከፍላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዛፉ ሲቆረጥ የአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ ውሉ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በታች ከወረደ፣ ልዩነቱን ባንኩ ይሞላለታል። ካልወረደ ገበያው ላይ እንደ ልቡ ይሸጣል። ውሉ ላይ ስንት ይጻፍ፣ ገበሬው ስንት ይክፈል የሚለውን የሚያሰላው እኔ በኤክሴል የሠራሁት ሰንጠረዥ ነው። ሦስት ወር እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። አንዷን ቁጥር ስትነኳት ሌሎቹ ሁሉ ሲለዋወጡ ብታዩ! እንደ በኩር ልጄ ነበር የምወደው።

የመጀመሪያዋ ፈራሚ እትዬ ስሜነሽ ነበሩ። ግምጃ ቤት የምትባለው አገር ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የገብስ ማሳቸውን በሙሉ ዲከረንስ ተክለውበታል። የከሰል ዋጋ ከወደቀ የሚበሉት የላቸውም። ለውሉ ክፍያ በግ ሸጠው ዓርብ ሊፈርሙ ተቀጥረዋል። የቀረው የጋሼ ዋኘው ማረጋገጫ ብቻ ነው።

ሰንጠረዡን ላስረዳቸው ስጀምር ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ቀመርህን አትንገረኝ! ዋጋውን ከየት እንዳመጣኸው ብቻ ስጠኝ።»

«ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ቢቀመጡልኝ እኮ እጨርስልዎታለሁ።»

«ባንተ መነጽር ካየሁማ የማየው ያንተኑ ስሕተት ነው፣ ልጄ።»

ዋጋውን ያገኘሁት ከአንድ የጫግኒ ከሰል ነጋዴ ደብተር ነው፤ የእንጅባራን እንዲህ በየሳምንቱ የጻፈ ሰው አጣሁ። ጋሼ ዋኘው ደብተሩን አገላበጡ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከእንጅባራ ገበያ አንድ ጆንያ ከሰል ገዝተው፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ወደ ጫግኒ! ሐሙስ ዕለት! ነገ ፊርማ ነው! ቢሮው ሳቀ፣ እኔ ነደድኩ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልኩ፣ ሰው እየሰማኝ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ስሜነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። መርማሪው የሉም።

«ምነው ልጄ፣ በጌን ሸጬ እኮ ነው የመጣሁ። ሐሳባችሁን ለወጣችሁ እንዴ?»

ወንበር ስቤ «ትንሽ ይቀመጡ» አልኳቸው።

አምስት ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ጋሼ ዋኘው ወረዱ፤ ከግንባራቸው እስከ ጫማቸው ከሰል ለብሰዋል።

«ልጅ ሽባባው» አሉኝ፣ «የጫግኒው ነጋዴ ጆንያውን እስከ አፉ ነው የሚሞላ። የኛ ግን ከአፉ በላይ ተቆልሎ በሣር ይታሰራል። የኛን አንድ ጆንያ እዚያው ገልብጬ በነሱ አሞላል ሰፈርሁት። አንዱ ሞልቶ የሌላው ሩብ ተረፈኝ!»

እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ፣ ያን ቁልል በየቀኑ እያየሁ የማልፍ ሰው፣ ጆንያ ያው ጆንያ ነው ብዬ የትንሹን ዋጋ ለትልቁ ሰጥቼዋለሁ! ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከሚገባው በጣም ዝቅ ብሏል። ገበያው ቢወድቅ እንኳ እዚያ ድረስ ስለማይወርድ፣ እትዬ ስሜነሽ በግ የሸጡት ለማይደርስላቸው ዋስትና ነበር። ቀመሬ አንድም እንከን የለበትም፤ ያበላሁት ቁጥር ነው ጉዱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ጋሼ ዋኘው «ልርዳህ» አላሉም። «አንተም አስተካክል፣ እኔም ለብቻዬ ልሥራው» ብለው ጥግ ይዘው በእርሳስ ማስላት ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረግናቸው። ገጠሙ! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ፤ ቢሮው በሙሉ አጨበጨበ።

«ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከፍ ብሏል፤ ክፍያዋም ትንሽ ጨምራለች፣ እትዬ» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ከበጉ የተረፈ አለኝ። ለመሆኑ ይህን ቁጥር ያወጣው ማን ነው?»

ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ! አፌ «እኔ» ሊል ተከፈተ። ጥግ ላይ ጥቁር ጥፍራቸውን በእርሳስ ጫፍ የሚጠርጉትን ሰውዬ አየሁ።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ።

እትዬ ስሜነሽ ሄደው ትከሻቸውን ሳሟቸው፤ ነጭ ነጠላቸው ከሰል በከሰል ሆነ። ከዚያ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ። ሥራ አስኪያጃችን «ቀለል ያለ መርማሪ ከሌላ ቅርንጫፍ ላስመጣልህ?» ቢሉኝ ተቆጥቼ ነው «አይሆንም!» ያልኳቸው። ጋሼ ዋኘውን እወዳቸዋለሁ። ለራሳቸው ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ በምን አረጋገጥህ ይሉኛል።