ጉድጓዱ ላይ የተተከለ የእድር ድንኳን

ሰው ስለ ቤቱ ሲያወራ ጣሪያውን፣ በሩን፣ ቀለሙን ያወሳል። መሠረቱን የሚያነሳው መሠረቱ ሲከዳው ነው። የእኔ መርሳ ከተማ ላይ ከዳኝ። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቴም አብሮት ሲነሳና ሲቀመጥ ኖሮ አንድ ቀን የምሥራቁ ማእዘን እንደተቀመጠ ቀረ። ግድግዳው ላይ ድመት የሚያሳልፍ ስንጥቅ ተከፈተ። እኔና ባለቤቴ ደግሞ ከዚያ ቤት ሌላ ጥሪት የለንም።

ግንበኛው አደም መድኃኒቱን ነገረኝ፦ ማእዘኑን በባሕር ዛፍ መደገፍ፣ ሥሩን ቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ መሙላት። ጉድጓዱ ውሃ ከገባው ግን ማእዘኑ ይናዳል አለ። ሰማዩ በግራና ከተማ በኩል ጠቁሯል። ስለዚህ የእድራችንን ድንኳን ከዕቃ ጠባቂው ተውሼ ጉድጓዱ ላይ አስተከልኩና ሲሚንቶ ላመጣ ወልድያ ሄድኩ። አደም ለዙሁር ሶላት መስጊድ ወጣ። ባለቤቴ ውርጌሳ እናቷ ዘንድ ነበረች።

በእኛ አገር የእድር ድንኳን ከታየ ይለቀሳል እንጂ አይጠየቅም። «ማን ሞተ?» እያሉ መግባት ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ስሙ ቀስ ተብሎ ይደረስበታል።

ስመለስ ግቢው በነጠላና በጋቢ ተሞልቷል። ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ብሆንም ይህ ሁሉ ሰው ያለ ሬሳ አይወጣም አልኩ፤ ነውሩንም አውቃለሁና አልጠየቅሁም። ባለቤቴ ትሆን? እናቷ? እያልኩ አንገቴን ደፍቼ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጥኩ፤ እንባዬም መጣ። ሲብስብኝ፣ አጠገቤ ያሉትን ከገጠር የመጡ ሽማግሌ አስከሬኑ የት እንዳለ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

«ከወልድያ እየመጣ ነው አሉ። የቤቱ ባለቤት ነው።»

እስከማውቀው ድረስ አልሞትኩም ነበር። ተነስቼ ይህንኑ አስታወቅሁ። ወልድያ መሄዴን የሰማ ሰው የቀረውን ራሱ ሞልቶት ኖሯል።

ግን ጉድጓዱስ? ለቀስተኛ እንዳይሰናከልበት ደግ ሰዎች አፈሩን መልሰው፣ ደልድለው፣ አግዳሚ አስቀምጠውበታል፤ እኔ ያለቀስኩበትን አግዳሚ። የባሕር ዛፍ ድጋፎቹም ተፈልጠው ከንፍሮው ድስት ሥር ይነድዳሉ። ማእዘኑ በምን እንደቆመ አደም እስከ ዛሬ ሊያስረዳኝ አልቻለም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ እሸቱ ጉዳዩን መርምረው ፈረዱ።

«ልጄ፣ ባለመሞትህ ደስ ብሎናል። ግን ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ትቶ አልቅሷል፤ እንዲሁ አይበተንም።»

ሰዉ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ። አዲስ ድጋፍ ገባ፣ ጉድጓዱ እንደገና ተቆፈረ፣ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። በሕይወት ሳለሁ አንድ የቀን ሠራተኛ አጥቼ ነበር፤ ለሬሳዬ ግን ቀበሌው በሙሉ ወጣ። ዝናቡ ሲጥል የመጨረሻው ሲሚንቶ ገብቷል።

ባለቤቴ የደረሰችው ያኔ ነው። ለካ ውርጌሳ ደውለው «ትንሽ አሞታል» ብለዋታል፤ የዚህን ትርጉም የማያውቅ የለም። ደረቷን እየመታች ከባጃጅ ስትወርድ፣ ጭቃ ለብሼ አካፋ ተደግፌ አገኘችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። እንባዋን ጠረገች።

«ቤቱስ?» አለች።

«ቆሟል» አልኳት።

ያን ጊዜ «ተመስገን» ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች።