የዘይነባ ካርታና የእኔ ስታርች

ምቀኛ ነሽ ብትሉኝ አልቆጣም። ነኝ። እናንተስ በእኔ ቦታ ብትሆኑ?

ነገሩ ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ካርቱም። ዘይነባና እኔ የወሎ ልጆች ነን። ጀሪፍ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት እንሠራለን። እሷ ታበስላለች፣ እኔ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ጁምዓ እረፍት ስለሆነ የአገር ልጆች እኛ ጋ ይሰበሰባሉ። አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ የሚነዳው ኢድሪስም ይመጣል፤ እናቱ የእኛ አገር ሰው፣ አባቱ ሱዳናዊ። የሚመጣው የእኔን ጨዋታ ብሎ ነበር። ወላሂ! ዛሬ ነገ ሽማግሌ ይልካል እያልኩ ነበር።

ከዚያ የዘይነባ አሠሪ ልጅ ከውጭ መጣችና ካርታ ሰጠቻት። የአስማት መጫወቻ ነው አሉ። ሲህር፣ ድግምት እንዳይመስላችሁ፣ የእጅ ጨዋታ ነው። ካርታው ከነፕላስቲኩ አዲስ፣ ግን አሮጌ እንዲመስል ሆን ብለው ቡናማ እድፍ የቀቡት። ምን የሚሉት ነገር ነው? እኔ እድፍ ሳስለቅቅ ወገቤ ተቆረጠ፣ እነሱ ይቀባሉ! ልጅቷ ሁለት ሦስት ብልሃት አሳየቻት፣ በቃ። በየጁምዓው «ያላ፣ አንዷን ምረጥ» ትላለች። ኢድሪስ ይመርጣል፣ የቷን እንደመረጠ ትነግረዋለች፣ ሰዉ ጉድ ይላል። የእኔን ጨዋታ ማን ይስማ? ቆሽቴ አረረ።

ሳስብ ሳስብ ደረስኩበት። ምልክቷ እድፉ ነው! እሱን እያየች ነው የምታውቀው። ሐሙስ ቀድሜያት ቤት ገባሁና ካርታውን በሳሙና አጠብኩት። እጄ ለምዶበት ልብስ ቀጥ እንዲል የምነክርበትን ስታርችም ጨመርኩ። ተኩሼ፣ ደርድሬ ቦታው መለስኩት። ኢድሪስ ፊት ስትዋረድ ከወዲሁ ታየኝ።

ጁምዓ ዘይነባ ካርታውን ስታወጣ ፊቷ ዓመድ መሰለ። እንደምንም አንዷን መዘዘች፤ ፂማሙ ንጉሥ። ስትገለብጠው ንግሥት ሆኖ አረፈ! ለካ ስታርቹ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አጣብቋቸዋል። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ኢድሪስ «ያ ሰላም!» ብሎ ብድግ አለ። እንዴት አደረግሽው ቢሏት የአላህ ሥራ ነው አለች።

የእኔ ሥራ ነው እንጂ! አልቻልኩም። «እኔ ነኝ ያጠብኩት! ስታርቹ የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ዘይነባ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ለእኔ ብለሽ ነው አይደል፣ እህቴ፣ እያለች።

ወር ሳይሞላ ኢድሪስ መጣ። ለዘይነባ ሽቶ፣ ለእኔ ነጭ ጀላቢያ። አደራ ስታርቹን በዛ አድርጊልኝ፣ ለኒካሁ ነው አለኝ።

አጠብኩለት። እንደዚያ ያለ ንጣት ካርቱም አይታ አታውቅም። የኒካሁ ቀን ሰዉ ጀላቢያውን አይቶ «ማሻአላህ» አለ፣ «ዘይነባ እጇ ወርቅ ነው!»