እሺ ባዩ ሰርቨር

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላሉ አበው። እንደኛ እሺ የሚል ሕዝብስ ከየት ይገኛል? ቧንቧ ሠሪው «ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ እሺ» ይላል፤ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ቤት ነው። እኔ ራሴ ሠርግ ስጠራ ቀኑን እንኳ ሳልሰማ እሺ እላለሁ። እምቢ ማለት ነውር ነዋ! ደግነቱ እንተዋወቃለን፤ የማን እሺ ምን ያህል እንደሚታመን ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ጥፋት ይህን አመል ለማሽን ማስተማሬ ነው።

አሰላ ውስጥ፣ ለገበሬ ኮምባይነር በሚያከራይ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። (ባለሙያ የምትለዋን ለጊዜው እለፉልኝ።) ገበሬው «ስንዴዬ ደርሷል፣ ማሽን ላኩልኝ» ብሎ በስልኩ መልእክት ይልካል። መልእክት አስተላላፊው ድርጅት ደግሞ ያንኑ በኢንተርኔት ወደ እኛ ሰርቨር ይልከዋል። እኛ ዘንድ ተቀባይ የሚሆነውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ፕለጊን የሚሉትን፣ የምገጥመው እኔ ነበርኩ። የፕለጊኑ ሥራ ሁለት ነው፦ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስና መዝገብ ላይ ማስፈር። «ደርሶኛል» ካላለ ላኪው ደጋግሞ ይልካል። ካለ ግን ነገሩ አለቀ፤ ለገበሬውም «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ተራዎን ይጠብቁ» የሚል መልስ ይሄድለታል።

በሙከራው ቀን ፕለጊኑ መዝገቡ ጋ ሲደርስ ይንተባተብ ጀመር። ሥራ አስኪያጃችን ከኋላዬ ቆመዋል። ላቤ መጣ። ምን ላድርግ? ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ መዝጋቢውን መስመር ለጊዜው ዘጋሁና «ደርሶኛል» የሚለውን ብቻ ተውኩት። ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መስመሩን ከምሳ በኋላ ልከፍተው አስቤ ነበር። የትኛው ቀን ምሳ እንደሆነ ግን አልወሰንኩም።

ከዚያ በኋላ ሰርቨራችን ለመጣው ሁሉ እሺ እያለ አንዱንም ሳይጽፍ ሁለት ሳምንት ከረመ። ታዲያ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ገበሬዎቻችን ብልሆች ናቸዋ! መልእክቱን ይልኩና «ደርሶናል» ሲባሉ የባሰ ተጠራጥረው፣ በሚኒባስ ቢሮ ድረስ መጥተው በአካል ይመዘገባሉ። ያመኑት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የሮቤው ሐጂ ከድር።

ያለወቅቱ የጣለው ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ሐጂ በፌስታል ስንዴ ይዘው ቢሮዬ ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል። ከማሳቸው ግማሹ እንዲህ ሆኗል። ስልካቸውን አውጥተው «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚለውን አሳዩኝ። ከዝናቡ በፊት ጎረቤታቸው ዘንድ የመጣ ኮምባይነር በደጃቸው ሲያልፍ፣ ሾፌሩ «ያንተንም ልጨድልህ?» ብሏቸው ነበር አሉ። «የአሰላዎቹ ተራ ይዘውልኛል፤ ሁለት ቦታ ተራ መያዝ ደግ አይደለም» ብለው መለሱት።

ያን ጊዜ የዘጋኋት መስመር ትዝ አለችኝ። ሐጂ ግን ቀጠሉ፤ «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ አጻጻፉን ተሳስቼ ይሆን?»

አያችሁ? ጥፋቱን የሚወስዱት እሳቸው! እኔም እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ «ኔትወርክ ነው ሐጂ» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ አልኩ። እስከዛሬ ሲያንገበግበኝ የሚኖረው ከስንዴው ይልቅ ይቺ ቃል ናት።

«ኔትወርክማ ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ከአላህ ነው» አሉ። ሲነሱም የቀረችው ስንዴ ሳትበላሽ ሰኞ ማሽን እንዲመጣላቸው ለመኑኝ።

«እሺ ሐጂ፣ እኔ ራሴ እይዝልዎታለሁ» አልኩ።

«አይ፣ አንተ ተወው» አሉኝ በትሕትና፤ «ሰው ይረሳል። በማሽኑ ይሻላል።» እዚያው ቆመው በስልካቸው ላኩ። ወዲያው ጢው አለ፦ ጥያቄዎ ደርሶናል። ፊታቸው በራ። «ይኸው! ሰው ሁሉ እንደሱ ቢሆን ምናለ!» ብለው ወጡ።

መስመሩ እንደተዘጋ ነው። እኔም ስማቸውን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። በዚያ ፕለጊን በኩል ገብቶ የተመዘገበ የመጀመሪያው መልእክት ይኸው ነው።